ሌሊት ሂተሩን የምጨምረው እኔ ነበርኩ

ይድረስ ለልጄ፣

እንደምን ከርመሻል? ልጁስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ደብረ ብርሃን እንደምታውቂያት ናት። ታኅሣሥ ገብቶ ጠዋት ጠዋት ሣሩ ላይ ውርጭ ተጋግሮ ይታያል። የቧንቧው ውሃ ጣት ይቆርጣል።

ይህን በስልክ ልነግርሽ ስንቴ አሰብኩ። ግን አንቺ ስልኩን ስፒከር ላይ አድርገሽ ሽንኩርት ትከትፊያለሽ፣ ባልሽ ከሶፋው ላይ ሆኖ "እማማ፣ እንዴት ኖት?" ይለኛል። እሱ እየሰማ የሚነገር አይደለም። ስለዚህ እስክሪብቶ አነሳሁ።

ባለፈው እሑድ ስትደውዪ ድምፅሽ ተለውጦ ነበር። የቤቱን ሂተር እሱ 68 ፋረንሃይት ይሁን ይላል፣ አንቺ 74 ትያለሽ። ይሁን፣ በየቤቱ ያለ ነው። ግን "የአምናውን አነሳብኝ፣ ሌሊት ተነስተሽ ትጨምሪና ጠዋት ትክጃለሽ አለኝ" ስትዪኝ ጉሮሮዬ ላይ የሆነ ነገር ቆመ። አምና ሌሊት እየተነሳሁ ስጨምር የነበርኩት እኔ ነኝ፣ ልጄ።

አንቺን ላርስ ሚኒሶታ የመጣሁት በጥር ነው። ቀን ቀን ጋቢዬን ደርቤ፣ ሁለት ካልሲ አድርጌ እችለዋለሁ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ግን ብርዱ ከጉልበቴ ይጀምራል። ቀስ ብዬ ወደ ኮሪደሩ እወጣለሁ። ግድግዳው ላይ ያቺ የሂተሩ ሙቀት መቆጣጠሪያ ሳጥን አለች። ስነካት ትበራለች። ወደ ላይ የምታሳየውን ቀስት ጫን፣ ጫን፣ ጫን። 76 ላይ ስትደርስ ቤዝመንት ያለው ማሽን ጉርምርም ይላል። ያኔ ወለሉ ላይ ያለችው የአየር መውጫ ላይ እቆምና ጋቢዬን እንደ ድንኳን ዘርግቼ ሙቀቱን ከእግሬ እስከ አንገቴ አጠራቅማለሁ። ምን ልበልሽ፣ ገነት ነው። መልሼ ማውረዱን እረሳዋለሁ።

ጠዋት እሱ በላብ ተነክሮ ይነሳል። "76 ያደረገው ማነው?" ይላል። አንቺ "እኔ አይደለሁም" ትያለሽ። እኔ አጥሚት እያማሰልኩ ድስቱ ላይ አፍጥጫለሁ። የጋዝ ቢሉ የመጣ ቀን ደግሞ ገንፎ ላይ ነበርኩ።

ሰው ሁሉ "የደብረ ብርሃን ልጅ ሆነሽ ብርድ ትፈሪያለሽ?" እያለ ሲስቅብሽ እሰማ ነበር። ባልሽ የድሬዳዋ ልጅ ሆኖ በቲሸርት ይዞራል አይደል! ሰዎቹ አልገባቸውም። ከ2,800 ሜትር በላይ ስንኖር ብርዱን መች ለመድነው? የለመድነው መልበሱን ነው። ጋቢ አራት ድርብ የሆነው ለጌጥ መሰለሽ? በድርቡ መሀል ታስሮ የሚቀረው አየር ነው የሚያሞቀው። 68 ፋረንሃይት ማለት እኮ በእኛ ሴልሺየስ 20 ዲግሪ ነው። የእኛ ሳሎን ታኅሣሥ ጠዋት 20 ዲግሪ ቢሆን ጎረቤት እጠራ ነበር።

እሱ ቀኑን ሙሉ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ሲያነሳ ይውላል። ጡንቻው ምድጃ ነው። አንቺ ያኔ ገና ወልደሽ፣ ደም ፈሶሽ፣ እንቅልፍ አጥተሽ፣ ወንበር ላይ ተቀምጠሽ ጡት ታጠቢያለሽ። የምታጠቢውም ከጋራዡ በላይ ባለው ጥግ ክፍል ነው። ሳጥኗ ያለችው ግን ኩሽናው አጠገብ ነው፣ የምትለካውም የዚያን ሙቀት ነው። አንድ ቀን የልጁ ካሜራ ላይ የሚታየውን ቁጥር አየሁት። ሳጥኗ 68 ስትል እዚያ ክፍል 63 ነበር። ሁለታችሁም አልዋሻችሁም።

ስለዚህ መጀመሪያ ያቺን ክፍል እዪአት። የአየር መውጫዋ ላይ የልጁ የልብስ ሳጥን ተቀምጧል፣ አስነሺው። መስኮቱን ላስቲክ አልብሱት። ሂተሩን 80 ማድረግም ቤቱን ቶሎ አያሞቀውም። ያው ማሽን ረዘም ላለ ጊዜ ይሠራል እንጂ የባሰ ትኩስ አየር አያወጣም። ይህን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው፣ ቢሉን አስቢው። ልጁን ግን እንዳትደራርቢበት። በጋቢ ልጠቅልለው ስል ነርሷ "ዓመት እስኪሞላው አልጋው ላይ ልቅ ብርድ ልብስ አይገባም፣ ፊቱን ይሸፍነዋል" ብላ ስትከለክለኝ ተቀይሜያት ነበር። ልክ ነበረች።

እኔና አባትሽስ? ዕድሜ ልካችንን በመስኮት ስንጣላ ኖርን። እሱ ንጹሕ አየር ካላገኘ አይተኛም፣ እኔ ነፋስ ከገባ አልተኛም። አንቺ አራት ዓመትሽ ነበር፣ እንዲሁ ታኅሣሥ ላይ። ከሰሉን በረንዳ ላይ አቀጣጥዬ፣ ፍሙ ቀልቶ ጭሱ ሲያልቅ ምድጃውን መኝታ ቤት አስገባሁት። ጭስ ከሌለው አይጎዳም ሲባል ነው ያደግነው። ልብ በይ፣ ቀን ቀን ክፍል ገብቼ "ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፣ ሄሞግሎቢንን ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ይይዛል" እያልኩ ባዮሎጂ የማስተምር ሴት ነኝ! መስኮቱን ጥርቅም አድርጌ ዘጋሁት። አባትሽ ተነጫነጨ። ዝም አልኩት።

ጠዋት ጭንቅላቴ ሊፈነዳ ደረሰ። አንቺ አስታወክሽ። ልነሳ ስል እግሬ አልታዘዝ አለኝ። ቀና ስል መስኮቱ አንድ ጣት ያህል ተከፍቷል። አባትሽ እንቅልፍ እስኪወስደኝ ጠብቆ፣ ተነስቶ ገርበብ አድርጎት ኖሯል። እንዳልቆጣው ፈርቶ ለሳምንት አላመነም። ያቺ ክፍተት ባትኖር ይህን ደብዳቤ የሚጽፍም የሚቀበልም አይኖርም ነበር። ከዚያ ወዲህ ምድጃው ከበረንዳ አልፎ አያውቅም። እናንተም መብራት ቢጠፋ የባርቤኪው ከሰል ወደ ቤት እንዳታስገቡ፣ በእናትሽ።

ደብዳቤውን ለባልሽ አንብቢለት። አባትሽ በሳምንቱ አመነ፣ እኔ ዓመት ሊሞላኝ ነው። "እማማ ይቅርታ ጠይቀውሃል" በይው። መጀመሪያ ግን ስፒከሩን አጥፊ።

ከጥምቀት በኋላ ወደ እናንተ የሚመጣ ሰው አለ። ለእሱ በሶ ልኬለታለሁ፣ የጋዙ ቢል ካሳ ነው። ላንቺ የመንዝ ባና አለልሽ። ስታጠቢ ትከሻሽ ላይ ጣል አድርጊው። ትንሽ ይኮሰኩሳል፣ ከሥሩ ነጠላ ልበሺ። የበግ ሽታውም ፀሐይ ሲያገኝ ይለቃል። ብቻ አደራ፣ ሙቅ ውሃና ማድረቂያ ማሽን እንዳታስነኪው። ተኮማትሮ የልጁ የአንገት ፎጣ ነው የሚሆነው።

እናትሽ