ቢጫ ወባና ወባ ለየቅል ናቸው

ለጋዜጣው ክቡር አዘጋጅ፦

በጋና መዲና አክራ፣ ኦሱ በተባለው ሰፈር ባረፍኩበት አነስተኛ የእንግዳ ማረፊያ ያጋጠመኝ ነገር ወደዚያ የሚጓዙ አንባቢዎችን ይጠቅማል ብዬ ስላመንኩ ይህን ጽፌአለሁ። ክፍሉ ንጹሕ ነበር፤ አስተናጋጆቹም እጅግ ትሑታን ነበሩ። ሆኖም አልጋው አጎበር አልነበረውም፤ የመስኮቱም ወንፊት ተቀድዶ ነበር። የወባ ትንኝ በአብዛኛው የምትናከሰው በሌሊት በመሆኑ፣ ጋናውያን «ዱምሶር» የሚሉት የመብራት መቆራረጥ አጋጥሞ ማራገቢያው ሲቆም፣ ሙቀቱን መቋቋም ያቃተው እንግዳ መስኮቱን ከፍቶ ለንክሻ ይጋለጣል። እኔም ሁለት ሌሊት ከተሠቃየሁ በኋላ ከገበያ አጎበር ገዛሁ። ወደ ጋና ለመግባት የሚጠየቀው የቢጫ ወባ ክትባት ከወባም የሚከላከል የሚመስላቸው የአገራችን ተጓዦች ስላሉ (የስሙ መመሳሰል ያሳስታል)፣ ክፍል ከመከራየታቸው በፊት ከዋጋው አስቀድመው ስለ አጎበሩ እንዲጠይቁ አጥብቄ አሳስባለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢ