ለደንበኞቻችን፦ መርከቦችን ያለ ሰው ማሰማራት ስለማቆማችን

ክቡራን ደንበኞቻችን፣

የጭነት መርከቦቻችሁን ሙሉ በሙሉ ከየብስ ሆነን የምንመራበትን አገልግሎት አቁመን በእያንዳንዱ መርከብ ላይ ተረኛ መኮንን እንዲኖር በመወሰናችን ብዙዎቻችሁ ቅር ተሰኝታችኋል። በዕቅዳችሁና በበጀታችሁ ላይ ስለደረሰው መጉላላት ይቅርታ እንጠይቃለን። ውሳኔውን ግን አናጥፍም።

«ፈራችሁ» ያሉን አሉ፤ «ቃላችሁን አጠፋችሁ» ያሉንም አሉ። ይህ አሳዝኖኛል። ድርጅቱን ከመመሥረቴ በፊት እኔ ራሴ የጭነት መርከብ መኮንን ሆኜ የሌሊት ተራ ስጠብቅ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ መርከብ ራሱን ችሎ እንዲጓዝ ከማንም በላይ የምመኘውም ስለዚህ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣው የመርከቦች ግጭት መከላከያ ደንብ ቁጥር 5 ማንኛውም መርከብ ምንጊዜም በዓይንና በጆሮ ጭምር አካባቢውን እንዲቃኝ ያዛል። ካሜራና ማይክሮፎን ዓይንና ጆሮን ይተካሉ ወይ ለሚለው ጥያቄ ሁሉንም አገር የሚያስገድድ መልስ እስካሁን አልተሰጠም። ጨው የደረቀበት የካሜራ መስታወት፣ ከማዕበሉ መካከል ብቅ ጥልቅ የምትልና ራዳር እምብዛም የማይይዛትን የእንጨት ጀልባ በጣቢያችን ስክሪን ፊት ከተቀመጠው ባለሙያ ሊሰውር ይችላል፤ በመርከቡ ላይ ያለው መኮንን ግን በሩን ከፍቶ ይወጣል፣ ያያታል፣ ጡሩምባዋንም ይሰማል።

የተባበሩት መንግሥታት አካል የሆነው ዓለም አቀፉ የማሪታይም (የባሕር ጉዞ) ድርጅት ነባር ስምምነቶቹን ከራስ ገዝ መርከቦች፣ ማለትም ራሳቸውን ችለው ከሚጓዙ ወይም ከሩቅ ከሚመሩ መርከቦች፣ አንጻር መርምሮ የጨረሰው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው። በያዘው ዕቅድ መሠረት ለእነዚህ መርከቦች የሚወጣው አዲሱ ኮድ (የደንብ ስብስብ) መጀመሪያ በፈቃደኝነት ይሠራበታል፣ ከዚያ ከሚገኘው ልምድ ተነሥቶ አስገዳጁ ኮድ ይዘጋጃል፣ በሥራ ላይ የሚውለውም እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 2032 ጀምሮ ነው። መርከቡ የቱንም ያህል ራስ ገዝ ቢሆን ኃላፊነቱን የሚሸከም ካፒቴን፣ ያውም ሰው የሆነ ካፒቴን፣ እንዲኖረው በድርድሩ ከስምምነት ተደርሷል። እስከዚያው ፈቃድ የሚሰጠው እያንዳንዱ አገር ለየብቻው ስለሆነ መርከባችሁ የተመዘገበበት አገር የፈቀደውን የመድረሻ ወደቡ አገር ሊከለክል ይችላል። በአንድ አገር የባሕር ዳርቻ አጭር መስመር እንድትመላለስ የተሠራችው የኖርዌይዋ የጭነት መርከብ ያራ ቢርክላንድ እንኳ እ.ኤ.አ. በ2022 ሥራ ስትጀምር ባሕርተኞቿን ይዛ ነበር። ድንበር ተሻግሮ የሚሄደውን የእናንተን ጭነት ከዚህ ባነሰ ጥንቃቄ እንዴት እንላከው?

ስለ ክፍያው ደግሞ በግልጽ ልናገር። የሳተላይት መገናኛው አንዱ ቢቋረጥ ሌላው እንዲተካው ለሁለት መስመር እንከፍላለን፤ የኢንሹራንስ አረቦን ጨምሯል፤ ጣቢያችን ቀንም ሌሊትም ባለሙያ ሳይኖርበት አያድርም። በተቻለን መጠን ጭማሪውን ራሳችን ተሸክመን ቆይተናል፤ ከእንግዲህ ግን ብቻችንን አንችለውም። ርካሽ ዋጋ ያቀረቡላችሁ መኖራቸውን እናውቃለን። ወደ እነርሱ ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁልን፦ መርከቡ ሰው አልባ ሆኖ አደጋ ቢደርስ በሕግ ፊት ካፒቴን ተብሎ የሚቀርበው ማን ነው?

ገና ስክሪናችን አንድ ብቻ በነበረበት ጊዜ ያመናችሁንን አልረሳንም፤ ድርጅቱን በእግሩ ያቆማችሁት እናንተ ናችሁ። በመርከቦቻችሁ ላይ የገጠምነው መሣሪያ አይነሣም፤ መኮንኑን እያገዘ ይቀጥላል፣ የሚሰበስበው የጉዞ መረጃም ለወደፊቱ የፈቃድ ማመልከቻችሁ ማስረጃ ይሆናል። ውላችሁን ለማቋረጥ ያሰባችሁ ካላችሁ ከመወሰናችሁ በፊት እንድንነጋገር በትሕትና እጠይቃለሁ፤ የእያንዳንዳችሁን መስመርና ወጪ አብሬያችሁ ቁጭ ብዬ ለማየት ዝግጁ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
የድርጅቱ መሥራችና ሥራ አስኪያጅ