የወደቀ ወርቅ በሚስማር መካከል ሲፈለግ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

በግቢ ውስጥ የወደቀ የጋብቻ ቀለበት ወይም የወርቅ ጉትቻ ለመፈለግ ዲቴክተር፣ ማለትም መሬት ውስጥ ያለ ብረትና ጌጥ በድምፅ የሚጠቁም መሣሪያ፣ የሚዋሱና የሚገዙ ሰዎች በከተሞቻችን እየታዩ ነው። ፍለጋው ግን ብዙ ጊዜ «መሣሪያው አይረባም» በሚል ይቋጫል። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የአስተካከሉ ስለሆነ፣ ለአንባቢዎቻችሁ ይጠቅማል ያልኩትን ጽፌ ልኬያለሁ።

ደብረ ማርቆስም ሆነ ቡሬ፣ ሞጣም ሆነ ዳንግላ፣ ለብዙ ዓመታት ሰው የኖረበት ግቢ አፈሩ በብረት የታጨቀ ነው። ጣራው በታደሰ ቁጥር የረገፈ የቆርቆሮ ሚስማር፣ ቆርኪ፣ ምላጭ፣ የባትሪ ድንጋይ፣ የጃንጥላ ሽቦ፣ የተሰበረ ማጭድ፣ የሲጋራ ብርማ ወረቀት ሁሉ እዚያው ተቀብሯል። እንዲህ ባለ ቦታ ሰው ከጉጉት የተነሣ ሁለት ነገር ያደርጋል፤ ሴንሲቲቪቲውን (መሣሪያው ደካማ ምልክትን እንዲሰማ የሚያደርገውን ማስተካከያ) እስከ መጨረሻው ይከፍታል፣ ብረት እንዳይጮኽበት ደግሞ ዲስክሪሚኔሽኑን (የማይፈለገውን ብረት ዝም የሚያሰኘውን ማስተካከያ) ከፍ ያደርጋል።

ሁለተኛው የባሰ ነው። ዲስክሪሚኔሽን የሚያጠፋው የብረቱን ድምፅ ብቻ ነው፤ ብረቱ እንዳለ አለ። መሣሪያው ሚስማር ሲያገኝ ዝም ይላል፤ ከዝምታው እስኪመለስ ኮይሉ (መሬቱ ላይ የሚመላለሰው የመሣሪያው ክብ ጫፍ) ጥቂት መንገድ ሄዷል። ቀለበቱ ከሚስማሩ 4 ወይም 5 ሳንቲ ሜትር ቢርቅ በዚያችው ዝምታ ውስጥ ሳይሰማ ይታለፋል። ስለዚህ ዲስክሪሚኔሽኑን ዜሮ ላይ፣ ቢበዛ ከዜሮ ጥቂት ከፍ አድርጎ፣ ብረቱ በወፍራም ድምፅ እንዲሰማ መተው ይሻላል። መሣሪያው የብረትን ድምፅ ለብቻው ዝቅ ማድረግ የሚያስችል ከሆነ ዝቅ ይደረግ፤ ጆሮ ቀጭኑን ድምፅ ለመለየት ይቀለዋል። ጩኸቱ ያሰለቻል፤ ግን ወርቁ ያለው በጩኸቱ መካከል ነው።

ከዚያ በፊት ግን መሣሪያው ከአፈሩ ጋር መስማማት አለበት። የአካባቢያችን ቀይ አፈር ከባሳልት ድንጋይ የተገኘና የብረት ኦክሳይድ የበዛበት ስለሆነ ራሱ አፈሩ ለመሣሪያው ምላሽ ይሰጣል። ግራውንድ ባላንስ የሚባለው ማስተካከያ ለዚህ ነው። ብረት የሌለበት ጥግ ተመርጦ ኮይሉን ከመሬት 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ላይ እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ወደ ላይና ወደ ታች እያመላለሱ፣ ድምፁ ሳይዋዥቅ እኩል እስኪሆን ማስተካከል ነው። ከቀይ አፈር ወደ ዋልካ ሲኬድ ይደገማል። አመድ መድፊያና የድሮ ምድጃ የነበረበት ቦታ ላይም እንዲሁ፤ በእሳት የጋለ አፈር ውስጥ ያለው የብረት ኦክሳይድ ወደ ማግኔትነት ስለሚያደላ ምንም ነገር በሌለበት ያስጮኻል። ይህ ሲያልቅ ሴንሲቲቪቲውን ከግማሽ ጀምሮ መጨመር፣ ኮይሉ ሳይንቀሳቀስ መንጫጫት ሲጀምር ሁለት ደረጃ መመለስ። ከዚያ በላይ መክፈት የአፈሩን ጩኸት ከማብዛት በቀር ጥልቀት አይጨምርም። የኤሌክትሪክ ቆጣሪና ሽቦ ቅርብ ከሆኑ ወይም ስልክ በኪስ ካለ መንጫጫቱ ከዚያም ሊመጣ ይችላል።

ሌላው ሪከቨሪ ስፒድ ነው፤ መሣሪያው ከአንዱ ብረት ተላቆ ለሚቀጥለው የሚዘጋጅበት ፍጥነት ማለት ነው። ሚስማር በበዛበት ግቢ ከፍ ይደረጋል። ለምሳሌ ሚኔላብ ኢኩዊኖክስ 800 በተባለው ዲቴክተር ላይ ማስተካከያው ከ1 እስከ 8 ሲሆን፣ 6 ወይም 7 ለእንዲህ ያለ ቦታ ይስማማል። ጉዳቱ ጥልቀት መቀነሱ ነው፤ በቅርቡ የወደቀ ጌጥ ግን ብዙ ጊዜ ከአንድ ጣት ብዙም አይጠልቅም። ለዚሁ ምክንያት 28 ሳንቲ ሜትር ከሆነው ትልቅ ኮይል ይልቅ 15 ሳንቲ ሜትር የሆነው ትንሹ ይመረጣል። ትልቁ በአንድ ጊዜ አምስት ሚስማር ከሥሩ ያስገባል፤ ትንሹ አንድ ወይም ሁለት።

ከሁሉ የሚበልጠው ሙከራ ቀላል ነው። የጠፋው ጉትቻ ከሆነ ጓደኛው ቤት አለ፤ ቀለበት ከሆነም የባል ወይም የሚስት አለ። እሱን መሬት ላይ አስቀምጦ ኮይሉን አሳልፎ ድምፁንና በስክሪኑ ላይ የሚወጣውን ቁጥር መያዝ። ቀጥሎ በግራና በቀኙ 5 ሳንቲ ሜትር ላይ ሁለት የዛጉ ሚስማሮች አኑሮ እንደገና ማሳለፍ። ወርቁ ካልተሰማ ሪከቨሪ ስፒዱን መጨመር፣ ዲስክሪሚኔሽኑን መቀነስ፣ ኮይሉንም ቀስ አድርጎ ማንቀሳቀስ፤ እስኪሰማ ድረስ። በዚህ ሙከራ ያልተሰማ ወርቅ መሬት ውስጥም አይሰማም። ሐብል ሲሆን ተስፋን መጠን ያስፈልጋል፤ መሣሪያው የሚያየው የሰንሰለቱን እያንዳንዱን ዘለበት ለየብቻ ስለሆነ ቀጭን ሐብል ምላሹ ደካማ ነው፤ የሚጮኸው መቆለፊያው ወይም መስቀሉ ነው።

ቁጥሩን ብቻ ማመን አይገባም። ቀጭን ወርቅና የሲጋራ ብርማ ወረቀት ተቀራራቢ ቁጥር ይሰጣሉ፤ ስለዚህ የወረቀቱን ክልል የዘጋ ሰው ወርቁንም ዘግቷል። ወፍራም ብር፣ ለምሳሌ 28 ግራም ገደማ የሚመዝነው ማርትሬዛ (የድሮው የብር ገንዘብ)፣ ከፍ ያለና የማይናወጥ ድምፅ ስላለው ችግር የለበትም፤ የሚያስቸግረው ወርቅ ነው። የዛገ ቆርቆሮ ቁራጭና ቆርኪም አንዳንዴ እንደ ብር ቀጭን ድምፅ ያወጣሉ። መለያው፣ ድምፁ በተሰማበት ቦታ ላይ ዞሮ በመስቀለኛ ማሳለፍ ነው። ጥሩው ከሁለቱም አቅጣጫ አንድ ዓይነት ይጮኻል፤ ሚስማር ድምፁ ይቆራረጣል፣ ቦታውም የዞረ ይመስላል። ኮይሉን 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ ሲያደርጉት አሁንም የሚጮኽ ከሆነ ሰፊ ቆርቆሮ ወይም ጣሳ ነው።

አካሄዱ እንዲህ ይሁን። መጀመሪያ ከአሮጌ ስፒከር በወጣ ማግኔት በላይ ላይ ያለውን ሚስማር መልቀም፤ ይህ ብቻውን ግማሹን ጩኸት ሊያቃልል ይችላል። ግቢውን በገመድ 1 ሜትር 1 ሜትር መክፈል። ኮይሉን ከመሬት 2 ሳንቲ ሜትር ላይ፣ በመጨረሻው ጫፍ ሳያነሡ፣ ያለፈውን ግማሽ እየደረቡ በዝግታ መሄድ፤ ከዚያ መላውን በመስቀለኛ መድገም። ከቆርቆሮ ግድግዳና ከሽቦ አጥር አጠገብ መሣሪያው ግድግዳውን ስለሚያይ ያ ክፍል በእጅና በወንፊት ይፈተሽ። ብረት ከጉድጓድ በወጣ ቁጥር ያው ጉድጓድ ወዲያው እንደገና ይታይ። ብዙ ሰው ሚስማሩን አውጥቶ ይሄዳል፤ በሚስማሩ የተሸፈነው ድምፅ ግን መሰማት የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው።

በየገበያውና በስልክ «ወርቅን ብቻ ከብዙ ሜትር ጥልቀት ይለያል» እየተባለ የሚሸጠውን ማመን አይገባም። ሳንቲም የሚያህል ነገር ጥሩ አፈር ላይ እንኳ ከ30 ሳንቲ ሜትር ብዙም ታች አይሰማም፤ በቀይ አፈራችን ከዚያም ያንሳል።

ሁለት ማሳሰቢያ አለኝ። ቡሬ፣ ደምበጫና ደብረ ማርቆስ በ1933 ዓ.ም. ጣሊያን ሲባረር ውጊያ የተደረገባቸው ስለሆኑ ያልፈነዳ ጥይትና ቦምብ ከመሬት ሊገኝ ይችላል። ከበድ ያለ፣ ክብና ረዘም ያለ የዛገ ብረት ጫፉ ከታየ አካፋው ይቁም፤ ሳይነኩ ቦታውን ምልክት አድርጎ ለፖሊስ መንገር ነው። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ደግሞ ቅርስ ፍለጋ ያለ ፈቃድ መቆፈር የተከለከለ ነው። ስለዚህ ፍለጋው በራስ ግቢ፣ በጠፋ የራስ ንብረት ላይ ይወሰን፤ የቤተ ክርስቲያን ቅጥርና የፍርስራሽ ቦታ አይነካ። ቀለበት ሲፈለግ አሮጌ ንዋየ ቅድሳት ወይም የጥንት ዕቃ ከወጣም ከቦታው ሳይነቀሉ ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ማሳወቅ ይገባል።

ከአክብሮት ጋር
ከደብረ ማርቆስ