ለዘጠና ደቂቃ አራት ቀን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ ደሴ ውስጥ ከሆጤ ሜዳ ብዙ ሳይርቅ ባለች ጠባብ ሱቅ ጫማ እየሰፋሁ የምተዳደር ሰው ነኝ። እዚያች ቦታ ከተቀመጥኩ 26 ዓመት ሆነኝ። የሰፈር ልጆች ስፌቱ የተተረተረ ኳስ፣ ተጫዋቾች ደግሞ አፉን የከፈተ ታኬታ ያመጡልኛል። የከተማችንን ክለብ ማልያ ለብሰው ካለፉት ልጆች መካከል ታኬታውን ያልሰፋሁለት ጥቂት ነው። ክለቡን የምወደው ከሩቅ ሆኜ አይደለም።

የምጽፍላችሁ ስለ ደጋፊ ወጪ ነው። በስፖርት ገጻችሁ ስለ ተጫዋቾች ደመወዝ፣ ስለ አሰልጣኝ ስንብት፣ ስለ ክለቦች የገንዘብ ችግር ሳነብ ኖሬአለሁ። ጨዋታ ለማየት ከልጆቹ ጉርሻ ላይ ቀንሶ ስለሚሄደው ሰው ግን ያነበብኩት እምብዛም የለም።

አንድ የዱቤ ደብተር አለኝ። ከፊት በኩል የደንበኞቼን ዕዳ እጽፍበታለሁ፤ ገልብጬ ከኋላ በኩል ደግሞ የኳስ ወጪዬን። ባለቤቴ ናት ያስጀመረችኝ። «የምትሄድ ከሆነ ሂድ፣ የምታወጣውን ግን እወቀው» ብላኝ።

ከ2009 ዓ.ም. አንዱን ገጽ ላንብብላችሁ። «እሑድ። መግቢያ 10፣ ሻይ 3፣ ቆሎ 2።» ይኸው ነው። ከቤቴ በእግሬ ወርጄ እገባለሁ፤ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ሜዳውን ሲሸፍነው ኳሷ የት እንዳለች በሰው ጩኸት እንለያለን፤ ሲያልቅ ቤቴ ገብቼ እራቴን እበላለሁ። አሥር ብር ያጣ ልጅ ከላይ ዳገቱ ላይ ቆሞ ያያል። ማንም አያባርረውም ነበር።

በ2013 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉ ጨዋታዎች በቴሌቪዥን መተላለፍ ጀመሩ፤ ውድድሩም ክለቦች በየሜዳቸው የሚጫወቱበት መሆኑ ቀርቶ በተመረጡ ከተሞች መካሄድ ያዘ። የመጀመሪያው ዓመት አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋና ሐዋሳ ተራ በተራ አስተናገዱ። የኮሮና ወረርሽኝ የቀደመውን የውድድር ዓመት አሰርዞ ስለነበር ያን ጊዜ ሁላችንም ምክንያቱን ተቀብለናል። ከፕሪሚየር ሊጉ ቀጥሎ ያለው ከፍተኛ ሊግም ይህንኑ መንገድ ተከተለ። ወረርሽኙ አለፈ። አሠራሩ ግን እንዳለ ቆየ፤ ልጆቻችንም የራሳቸው ክለብ በራሳቸው ሜዳ ሲጫወት ሳያዩ አደጉ።

አሁን ደግሞ የ2017ን ገጽ ልክፈት። ክለባችን በደቡብ በኩል ባለ አንድ ከተማ ወሳኝ ጨዋታ ነበረው፤ ረቡዕ ዕለት፣ ከቀኑ 9 ሰዓት። ማክሰኞ ደርሰን ለማደር ሰኞ ሌሊት ከደሴ መነሳት ነበረብን። ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከዚያ ወዲያ ሌላ አውቶቡስ አለ። እንዲህ ጽፌአለሁ፦ «አውቶቡስ ደሴ–አዲስ አበባ ደርሶ መልስ 1,900። ከአዲስ አበባ ወዲያ ደርሶ መልስ 1,040። አልጋ ሦስት ሌሊት 1,500። ምግብ 1,200። መግቢያ 100። የስልክ ካርድ 50።» ድምሩ 5,790 ብር ነው። አራት ቀን ሱቄ ተዘግቶ የቀረብኝን ገቢ አልጻፍኩትም። አንድ ጥንድ ታኬታ ሰፍቼ 80 ብር አገኛለሁ። ለዚያ ጨዋታ ከ72 ጥንድ በላይ መስፋት ነበረብኝ ማለት ነው፤ ክሩንና ማስቲሹን ሳላስብ።

ምግቡ እንኳ 1,200 ላይ የቆመው ባለቤቴ በሶና ዳቦ ቆሎ ስለቋጠረችልኝ ነው።

ከሁሉ ያንገበገበኝ ግን ከድምሩ ትንሹ ነው፤ መግቢያው። ከመነሳታችን በፊት እዚያው ከተማ ያለ አንድ የአገራችን ልጅ ደውሎ መግቢያው ሃምሳ ብር መሆኑን ነግሮን ነበር። በሩ ላይ ስንደርስ መቶ ሆኖ ጠበቀን። «ምነው?» ብንለው ትኬት ቆራጩ «ወሳኝ ጨዋታ ስለሆነ ነው» አለን። ልጁ ታዛዥ ነው፤ በእርሱ አልፈርድም። ነገር ግን 700 ኪሎ ሜትር ሊሆን ጥቂት የቀረውን መንገድ አቋርጦ የመጣ ሰው በር ላይ ዋጋ ሲጨመርበት ተመልሶ እንደማይሄድ ዋጋውን የጨመረው ሰው ያውቃል። ለዚህም ነው የጨመረው። ከእኛ ጋር የመጣ የጎረቤቴ የዳቦ ጋጋሪው ልጅ ለመመለሻ ከያዘው ላይ ነው አውጥቶ የከፈለ። የጎደለውን አዋጥተን ሞላንለት። ጨዋታው ሳይመሽ የሚያልቅ ቢሆንም ከዚያ በኋላ የሚነሳ አውቶቡስ የለምና ሌላ ሌሊት ማደራችንም አይቀርም ነበር።

የስልክ ካርዱን ነገር ላስረዳችሁ። ለብዙ ዓመት አብረን የተጓዝን አንድ ጡረተኛ መምህር አሉ፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ከእኔ በፊት የነበሩ ደጋፊ ናቸው። በሆጤ ሜዳ ዝናብ ሲመጣ ጃንጥላቸውን ዘርግተው ሦስት ልጆች ከሥር ያስጠልሉ ነበር። ለዚህ ጉዞ ስንመዘገብ ዝም ብለው ቆዩና «የእኔ ጡረታ እዚያ አያደርስም» አሉ። አዋጥተን እንውሰድዎት ብንላቸው እምቢ አሉ። እንደ ደሴ ሰው «አብሽሩ» ብለው አጽናኑን፤ የምናጽናናቸው እኛ መሆን ሲገባን። ከዚያ እኔን ለብቻ ጠርተው አንድ ነገር ለመኑኝ፤ ጨዋታው ሲጀመር ደውዬ ስልኩን ክፍት አድርጌ እንድይዘው። «ጩኸቱን ልስማው፤ የቀረውን እኔ አየዋለሁ» አሉኝ። ሃምሳ ብር ካርድ ሞልቼ ደወልኩላቸው። ከእረፍት በፊት መስመሩ ሦስት ጊዜ ተቋረጠ። በአራተኛው ስደውል «ማን አገባ?» ሳይሆን «ስንት ሰው መጣ?» ነው ያሉኝ። ከደሴ የመጣነውን ቆጥሬ ነገርኳቸው፤ አሥራ አንድ ነበርን። ድሮ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገናኙ 25 ኪሎ ሜትሩን መንገድ በጭነት መኪና ሞልተን እየጨፈርን ወርደን ማታውኑ የምንመለስ ሰዎች፣ አሥራ አንድ ሆነን ቀረን።

የቴሌቪዥኑ ገንዘብ ክለቦችን እንደረዳ አልክድም። የኑሮ ውድነቱንም ማንም ለኳስ ብሎ እንዳላመጣው አውቃለሁ። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲመራ ከተወሰነበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የእኔም ማስቲሽ፣ ቀለምና ሶል ጨምሯል፤ እኔም በደንበኞቼ ላይ ጨምሬአለሁ። ስለዚህ የአውቶቡስ ባለቤት ለምን ጨመረ ብዬ አልጮህም። የምጮኸው ደጋፊውን ከሜዳው አርቀው ሲያበቁ ርቀቱን ከሒሳብ ስለማይቆጥሩት ነው። መርሐ ግብር የሚያወጣው አካል የክለቡን አልጋ ያስባል፣ የዳኛውን አበል ያስባል፣ የካሜራውን ቦታ ያስባል። ረቡዕ በ9 ሰዓት ብሎ ሲጽፍ ግን ከደሴ የሚመጣው ጫማ ሰፊ ስንት ቀን ሱቁን እንደሚዘጋ የሚጠይቅ ሰው በጠረጴዛው ዙሪያ ያለ አይመስለኝም።

ሌላም ነገር አለ። አብዛኞቹ ክለቦቻችን የሚተዳደሩት ከከተማ አስተዳደር በጀት በሚመደብ ገንዘብ ነው። እኔ አነስተኛ ግብር ከፋይ ነኝ፤ ወረፋ ይዤ ከፍዬ ደረሰኜን ግድግዳዬ ላይ እሰቅላለሁ። ክለቡን በግብሬም በእግሬም ደግፌዋለሁ። ቤተሰብ ነህ እየተባለ ሲዋጣ የኖረ ሰው በር ላይ እንደ እንግዳ ዋጋ ሲቆረጥለት ቅር ቢለው አይፈረድበትም።

የብሔራዊ ቡድናችንም ነገር ከዚህ አይለይም። ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. ሱዳንን 2 ለ 0 አሸንፈን ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ስናልፍ አዲስ አበባ ስታዲየም ካታንጋ በሚባለው የተመልካች ወገን ውስጥ ነበርኩ። ካርቱም ላይ 5 ለ 3 ተሸንፈን ስለነበር ከሁለት ጎል በታች አይበቃንም ነበር። አዳነ ግርማ ሲያገባ አጠገቤ የነበረ የማላውቀው ሰው አቅፎኝ አለቀሰ፤ ሳላሃዲን ሰይድ ሲደግም እኔ አቅፌው አለቀስኩ። ያን ዕለት ከደሴ ደርሶ መልስ ያወጣሁት ገንዘብ ለቤቴ ከባድ ነበር፤ ነገር ግን የሚቻል ነበር። በሰኔ 2014 ዓ.ም. ግብፅን 2 ለ 0 ስናሸንፍ ግን የሚመጥን ስታዲየም የላችሁም ተብለን «በሜዳችን» የተጫወትነው ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ላይ ነው። ዳዋ ሆቴሳና ሽመልስ በቀለ ያገቡትን ጎል ፒያሳ ካለ ሻይ ቤት ቆሜ አየሁ። ደስታው ደስታ ነው፤ ግን አጠገቤ አቅፎኝ የሚያለቅስ አልነበረም። ሰው ሒሳቡን ከፍሎ ወጣ።

ታዲያ ወሎ ሜዳ አጥታ ነው? ወልዲያ ላይ ከ25 ሺህ በላይ ሰው የሚይዝ፣ በሼህ መሐመድ ሁሴን አሊ አላሙዲ ስም የተሰየመ ስታዲየም በጥር 2009 ዓ.ም. ተመርቋል። ወልዲያ ያን ጊዜ በፕሪሚየር ሊጉ ነበረች። የወልዲያ ሰው ባልሆንም በዚያው ዓመት 120 ኪሎ ሜትሩን መንገድ ሄጄ ጨዋታ አይቼበታለሁ፤ ሌሊት ወጥቼ ማታ ቤቴ ገብቻለሁ። የደብተሬ ገጽ ምስክር ነው፤ አልጋ የሚል ቃል የለበትም። ከዚያ ወዲህ በአካባቢያችን የደረሰውን ሁሉ እኛው አይተነዋል፤ ለአንባቢም የተሰወረ አይደለም። ሰላሙ ሲጸና ቢያንስ የአንድ ዙር ጨዋታዎች ወደ ወሎ እንዲመጡ፣ ሜዳዎቻችንም ለዚያ እንዲዘጋጁ ካሁኑ መታሰብ አለበት እላለሁ። ሌሎች ከተሞች ተራ ሲደርሳቸው እኛ የምንሄድ ብቻ፣ የሚመጣብን ግን የሌለ ሆነን መኖራችን ልክ አይደለም።

እስከዚያው ግን ገንዘብ የማይጠይቅ ነገር አለ። የመግቢያ ዋጋ መርሐ ግብሩ ሲወጣ አብሮ ይውጣ፤ ከወጣም በኋላ በር ላይ አይነካ። ክለቡ የሚጫወትባት ቀን ቅዳሜ ወይም እሑድ ብትሆን አንድ የሥራ ቀን እናተርፋለን። በየስታዲየሙ ጥላ ፎቅ፣ ጣሪያ ባለው ወገን፣ ገንዘብ ላለው ሰው የሚበቃ ወንበር አለ፤ እዚያ የሚቀመጠው የፈለገውን ይክፈል። ለጡረተኛ፣ ለተማሪና ለቀን ሠራተኛ ግን ፀሐይ የሚመታው ወገን በአነስተኛ ዋጋ ይተውለት። ፀሐዩን እንችለዋለን። ክለቦችም ለጉዞ አውቶቡስ ሲከራዩ ከኋላ ባዶ ስለሚቀሩት መቀመጫዎች ያስቡ፤ ጋሼን የሚያህል ሰው ለማድረስ አንዱ ወንበር ይበቃል።

ትንሹ ልጄ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው። ቅዳሜና እሑድ ዲኤስቲቪ የሚያሳዩበት ቤት ለመግባት ሠላሳ ብር ይጠይቀኛል፤ የአርሰናልን ተጫዋቾች ከነተቀያሪዎቹ ይዘረዝርልኛል። አልቆጣውም፤ ኳስ መውደዱ ከእኔ የወረሰው ነው። የከተማችንን ክለብ በረኛ ስም ስጠይቀው ግን ዝም አለ። የበረኛው ታኬታ ያን ዕለት ጭኔ ላይ ነበር፤ አንስቼ አሳየሁት፣ ስሙንም ነገርኩት። አገላብጦ አየውና «መቼ ነው እዚህ የሚጫወተው?» አለኝ።

ዘንድሮ ከእኛ መካከል የሄደው ያ የዳቦ ጋጋሪው ልጅ ብቻ ነው፤ ወጣት ነው፣ አዲስ አበባ ዘመድ ቤት አድሮ ያልፋል። ጋሼና እኔ በጨዋታ ቀን ሱቄ ውስጥ ስልኩን መሐላችን አድርገን እንቀመጣለን። በደብተሬ ጀርባ ለ2018 አዲስ ገጽ ከፍቻለሁ፤ እስካሁን የተጻፈበት «ካርድ 50፣ ካርድ 50፣ ካርድ 50» የሚል ነው።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
የሆጤው ጫማ ሰፊ፣ ከደሴ