የደጋው ውሃ ደርሶናል፤ እግዚአብሔር ይስጥልን

ይድረስ፦ በውሃችን ጉዳይ ከጎናችን ለቆማችሁ ሁሉ፣ በአገር ውስጥም በውጭም ላላችሁ።

እንደምን ሰነበታችሁ? ይህን የምጽፈው በከተማችን የውሃ ኮሚቴ ስም ነው። ከተማችን ከዝዋይ ሐይቅ በስተምሥራቅ፣ በአርሲ ቆላ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ቅዳሜ ገበያ ይቆምባታል። ቤተ ክርስቲያኑና መስጊዱ ሩቅ ለሩቅ አይደሉም። ሰዉ ኦሮምኛና አማርኛ እያቀላቀለ ያወራል። ከጭላሎ ተራራ በኩል፣ ከደጋው ምንጭ የተሳበው ውሃ ባለፈው ወር ቦኖዎቻችን ላይ ደረሰ። ቧንቧው የተከፈተ ቀን እልልታው፣ ጭፈራው፣ የልጆቹ መራጨት ሌላ ነበር። በዚያ ግርግር ማንንም በወጉ ማመስገን አልተቻለም። አንድ ሰው እንኳን ሳይመሰገን እንዲቀር ስለማንፈልግ በጽሑፍ መጥተናል።

ለማያውቅ ሰው ነገሩን ላስረዳ። በስምጥ ሸለቆ ከመሬት በታች ያለው ውሃ ፍሎራይድ የሚባል ማዕድን ይበዛበታል። ማንም የደፋብን ነገር አይደለም። አካባቢያችን የእሳተ ገሞራ አገር ነው። ውሃው በዚያ ድንጋይና አመድ ውስጥ ለረጅም ዘመን ሲሰርግ ፍሎራይዱን እያሟሟ ይዞት ይመጣል። በውሃው ውስጥ ካልሲየም ቢበዛ ኖሮ ፍሎራይዱ ከእሱ ጋር ተያይዞ መሬት ውስጥ ይቀር ነበር። የእኛ ውሃ ካልሲየሙ ጥቂት ነው፤ ስለዚህ ፍሎራይዱ አብሮ ወደ ጀሪካናችን ይገባል። የዓለም ጤና ድርጅትም፣ የአገራችን ደረጃም በአንድ ሊትር ከ1.5 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ይላሉ። በስምጥ ሸለቆ ከ10 የሚያልፍ ጉድጓድ ብርቅ አይደለም። የእኛም ከተፈቀደው ብዙ እጥፍ ነበር።

ክፋቱ ደግሞ አይታይም። ቀለም የለውም፣ አይሸትም፣ ምላስ ላይ አይታወቅም። ኩልል ያለ ውሃ ነው። ቢያፈሉት አይጠፋም፤ እንዲያውም ውሃው በተነነ ቁጥር የቀረው ላይ ይበዛል። ክሎሪንም አይነካውም። ልጅ ይህን ውሃ እየጠጣ ሲያድግ ቋሚ ጥርሱ ገና ድድ ውስጥ ሳለ ይጎዳል፤ ሲወጣም በልዞ ይወጣል። የናዝሬት ልጅ፣ የመተሐራ ልጅ፣ የመቂ ልጅ በጥርሱ ይታወቃል ሲባል ሁላችንም ሰምተናል። እኛም ከነሱ አንዱ ነን። እየሳቁ አፋቸውን በእጃቸው የሚሸፍኑ ሴት ልጆች አሉን። ለዓመታት ሲጠጣ ደግሞ አጥንት ውስጥ ይገባል። ወገብ ይደርቃል፣ አንገት አልዞር ይላል።

ይህ ጉዳት በአገራችን በጉልህ የታወቀው በወንጂ ነው። በ1946 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ስኳር ፋብሪካ ከየአገሩ ብዙ ሠራተኛ ሰብስቦ ነበር። የካምፖቹን ጉድጓድ ለረጅም ዓመታት የጠጡ ሰዎች ወገባቸው ጎብጦ ቀረ። የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ያንን ሕመም አጥንተው፣ የስምጥ ሸለቆን ውሃ ከቦታ ቦታ መርምረው ጽፈዋል። እኛን አያውቁንም። ግን ዛሬ ለእኛ የተነገረን እውቀት የእነሱ ድካም አለበት። ስለዚህ ምስጋናችን ከእነሱ ይጀምራል።

ቀጥሎ የማመሰግነው ቦኖው ድረስ መጥተው ፊት ለፊት የነገሩንን ነው። ጉድጓዱ ሲቆፈር ውሃው ተመርምሮ እንደነበር በኋላ ሰማን። ውጤቱን ለእኛ የነገረን አልነበረም። ዝም ብለን ጠጣነው፣ ልጆቻችንንም አጠጣንበት። ይህ ዛሬም ያንገበግበናል። እናም ወጣቶቹ የውሃ ባለሙያዎች መሣሪያቸውን ይዘው ሲመጡ ሕዝቡ ፊቱን አጠቆረባቸው። እነሱ አልተቀየሙም። ውሃውን ሰው ሁሉ እያየ ከቦኖው ቀዱ። መሣሪያውን እዚያው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡ። ቁጥሩን ከእኛው ተማሪዎች አንዷ ጮክ ብላ እንድታነብ አደረጉ። ከዚያ ከደጋ በጀሪካን ያመጡትን ውሃ በዚያው መሣሪያ መርምረው አሳዩን። ልዩነቱን በዓይናችን ካየን በኋላ ወሬው በየቤቱ ገባ።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቻችንን ምን ብዬ ላመስግን? በዕድር ስብሰባው ላይ አንድ አባት ተነስተው፣ «አባቴም እኔም የኖርንበት ውሃ ነው፤ ምን ሆንኩ?» ብለው ተቆጡ። አንዷ እህታችን ቀስ ብላ ቀርባ፣ «አባባ፣ አገጭዎን ደረትዎ ላይ ያድርሱልኝ» አለቻቸው። አልደረሰላቸውም። «ጉልበትዎን ሳያጥፉ የእግርዎን ጣት ይንኩልኝ» አለች። እሱም አልሆነም። እርጅና ነው ብለው የተውት ነገር ነበር። ያሳፈረቻቸው እንዳይመስላችሁ። ወዲያው አጠገባቸው ተቀመጠች፤ ስብሰባው እስኪያልቅ አልተነሳችም። ከዚያ በኋላ ቤታቸው እየሄደች ትጠይቃቸዋለች። እኒያ አባት ናቸው በኋላ ሰውን እየዞሩ በኦሮምኛ ያስረዱት።

እህቶቻችን የማይሆነውን ይሆናል አላሉንም። የበለዘ ጥርስ ተመልሶ እንደማይነጣ ነገሩን። የደረቀ ወገብ እንደ ድሮው እንደማይሆን፣ ግን እንዳይብስ ማድረግ እንደሚቻል ነገሩን። ከ8 ዓመት በታች ያሉትን ግን ዛሬ ብንጀምር እንደምናተርፋቸው ነገሩን። ወተት፣ አይብ፣ ካልሲየም ያለው ምግብ ለልጅ እንደሚረዳም አስተማሩን። ትምህርት ቤት ገብተው ደግሞ አንድ ትልቅ ነገር አደረጉ። የበለዘ ጥርስ ባለመፋቅ የመጣ ቆሻሻ እንዳልሆነ ለተማሪዎቹ ሁሉ ተናገሩ። ከዚያ ቀን ወዲህ ልጄ ሲስቅ ጥርሱን አይደብቅም። ለዚህ ብቻ እንኳን ዕድሜ ልኬን አመሰግናቸዋለሁ።

ቧንቧው እስኪመጣ ውሃውን እዚሁ ማጣራት ነበረብን። መጀመሪያ አሉሚኒየም ሰልፌትና ኖራ በባልዲ እየለኩ፣ እያማሰሉ፣ አዝቅጦ መጠቀም ተሞከረ። ይሠራል። ግን በየቀኑ መለካቱ፣ መጠበቁ፣ ዝቃጩን መድፋቱ እናቶችን አደከማቸው። ስለዚህ የአጥንት ከሰል መጣ። የከብት አጥንት አየር በማይበዛበት ምድጃ ይከሰላል፣ ይፈጫል፣ ይነፋል። ውሃው በዚያ ውስጥ ሲያልፍ ፍሎራይዱ አጥንቱ ላይ ይቀራል። አጥንት ፍሎራይድ ይወዳል፤ በእኛ ወገብ ላይ የሠራውን እዚያ ይሠራል ብለው ነበር ያስረዱን።

እዚህ ላይ ነገሩ ሊቆም ነበር። የእኛን አገር የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ክርስቲያን ያረደውን እስላሙ አይበላም፣ እስላም ያረደውን ክርስቲያኑ አይበላም። አጥንቱ ከየት መጣ? ማን አረደው? የሞተ ከብት ቢሆንስ? አንዲት እናት ደግሞ፣ «በዐቢይ ጾም አጥንት የነካው ውሃ እንዴት ልጠጣ?» አሉ። እነዚህ ተራ ጥያቄዎች አይደሉም። ባለሙያዎቹም እንደ ተራ አላዩዋቸውም። ሰውን ኋላ ቀር ነው አላሉም፣ አልተቻኮሉም፣ ትተውን አልሄዱም። የቤተ ክርስቲያናችንን አባትና የመስጊዱን ኢማም በአንድ መኪና ይዘዋቸው ሄዱ። አጥንቱ ከየት እንደሚሰበሰብ አዩ። ሥጋው፣ ስቡ፣ መቅኒው በእሳት ጠፍቶ የሚቀረው ማዕድኑ ብቻ እንደሆነ አዩ። ከሰሉን በእጃቸው አፈሱት።

ሲመለሱ ሁለቱም በየራሳቸው ጉባኤ ተናገሩ። አባታችን ከቅዳሴ በኋላ፣ ኢማማችን ከጁምዓ በኋላ። ከዚያ አንድ ቅዳሜ ገበያ መሐል ባለው ማጣሪያ ጎን ለጎን ቆሙና ከአንድ ማሰሮ ቀድተው ጠጡ። በዚያው ሳምንት ማጣሪያው ጋ ሰልፍ ሆነ። አባታችን፣ ኢማማችን፣ የእናንተን ውለታ ምን እንከፍላለን? የጠየቁትን እናትም አመሰግናለሁ። ብዙ ሰው በሆዱ የያዘውን እሳቸው አወጡት። ሰዉ ተጠራጥሮ ዝም ብሎ ቢቀር ኖሮ ልጆቹ ያልተጣራውን ውሃ እየጠጡ ይቀጥሉ ነበር።

ማጣሪያውን የያዙት ሴቶች በየጊዜው ውሃውን አስመርምረዋል። ከሰሉ ፍሎራይድ ሲጠግብ ማጣራቱን ስለሚያቆም መቀየር አለበት። ይህንን ሳያሳልፉ መዝግበው ይዘዋል። ገንዘቡን በሳንቲም ሳይቀር አሳይተዋል። ከሰሉ መቀየሪያ ያጣ ጊዜ ደግሞ በሳውዲ፣ በዱባይ፣ በቤይሩት ሰው ቤት የሚሠሩ የከተማችን ልጆች ደረሱልን። ደሞዛቸው ስንት እንደሆነ እናውቃለን። በስንት ልመና የምታገኙትን ዕረፍት ተጠቅማችሁ ሃዋላ ቤት ሄዳችሁ ልካችሁልናል። እናንተም ይህንኑ ውሃ ጠጥታችሁ ነው ያደጋችሁት። ለታናናሾቻችሁ ተረፋችሁላቸው። ፈጣሪ በሰላም ለአገራችሁ ያብቃችሁ።

አሁን ወደ ደጋው ሰዎች ልምጣ። ይህን ስጽፍ ሆዴ ይባባል። ምንጩ የእነሱ ነው። ከብቶቻቸው የሚጠጡት፣ ጎመኑና ድንቹ የሚበቅልበት ነው። ሽማግሌዎቻችን ለልመና ሲወጡ ብዙዎቻችን ተስፋ አልነበረንም። በበጋ ለራሱ የሚሳሳ ውሃ ማን ይሰጣል? የደጋው ሽማግሌዎች ዛፍ ሥር ተቀምጠው ሰሙ። ከዚያ አንድ ነገር ጠየቁ። የእኛን ልጆች ማየት ፈለጉ። ተማሪዎቻችንን ይዘን ወጣን። ከእነሱ ልጆች ጎን ተሰለፉ። እኩያ ናቸው፣ አንዳንዶቹ ዘመድ ናቸው። ጥርሳቸው ግን ሌላ ነው። አንድ አዛውንት የአንዱን ልጃችንን አገጭ ይዘው ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ በኋላ ክርክሩ ስለ መስጠት መሆኑ ቀርቶ ስለ አሰጣጡ ሆነ።

ያቀረቡትም የሚገባ ነበር። ቧንቧው በሚያልፍበት መንደር ሁሉ መጀመሪያ ቦኖ ይተከል አሉ። ለከብት ገንዳ ይሠራ አሉ። ምንጩ እንዳይደርቅ ከላይ ያለው ዳገት ይታጠር፣ እርከን ይሠራ አሉ። እርከኑን የእኛም ወጣቶች ወጥተው አብረው ሠርተዋል፣ አሁንም እየሠሩ ነው። ማሳቸው ላይ ቦይ እንዲቆፈር የፈቀዱ ገበሬዎች አሉ። ገብሱ ሳይታጨድ የተቆፈረበትም አለ። ገለቶማ። ውሃችሁን ሰጥታችሁናልና ውሃ አይጥፋባችሁ፣ ዝናቡ አይንጠፍባችሁ፣ ከብታችሁ ይርባ።

በየቦታው የረዳችሁን ሁሉ መዘርዘር አይቻልም። ቦይ የቆፈራችሁ ወጣቶች፣ ስንቅ ያቀበላችሁ እናቶች፣ ቧንቧ በጋሪ ያመላለሳችሁ፣ በጭቃ ውስጥ ቧንቧ ስትገጥሙ ያመሻችሁ ባለሙያዎች፣ ፋይሉን ይዛችሁ ከወረዳ ዞን የተመላለሳችሁ፣ ለስብሰባ ቡና ያፈላችሁ፣ ሁላችሁንም እናመሰግናለን። መምህራን፣ ልጆቹ ወላጆቻቸውን እንዲያስተምሩ ያደረጋችሁት እናንተ ናችሁ።

ቧንቧው ሳይመጣ ያለፉ አሉ። ወገባቸው ታስሮ፣ ከቤት መውጣት አቅቷቸው የሞቱ እናቶችና አባቶች አሉን። ነፍሳቸውን ይማር። ቤተሰቦቻቸው በቦኖው ምረቃ ላይ ስለተገኛችሁልን ክብር ተሰምቶናል።

የሚቀሩ ነገሮችም ስላሉ ላሳውቃችሁ። የድሮው ጉድጓድ አልተዘጋም። ለልብስ፣ ለግንባታ፣ ለጽዳት ይሆናል። የዚህ ጉድጓድ ቧንቧ ቀይ ቀለም ተቀብቷል፤ ለመጠጥ፣ ለወጥ፣ ለቡና፣ ለእንጀራ ሊጥ ከዚያ አትቅዱ። እንግዳ ሲመጣባችሁ ንገሩት። የደጋው ውሃ ሲቋረጥ ማጣሪያው ዝግጁ እንዲሆን ሴቶቹ ከሰሉን በመጋዘን ይዘዋል። ከዳር ያሉት ሁለቱ መንደሮች ገና ቧንቧ አልደረሳቸውም። ለእነሱ የሚሆን ከሰልና ማጣሪያ ለማሟላት መዋጮው ቀጥሏል፤ በዕድራችሁ በኩል መስጠት ትችላላችሁ። የውሃው የምርመራ ውጤት በተመረመረ ቁጥር በቀበሌው በር፣ በቤተ ክርስቲያኑና በመስጊዱ አጥር ላይ በሁለቱም ቋንቋ ይለጠፋል። ማንበብ ለማይችሉ ቅዳሜ ገበያ ላይ ይነበባል። የምትጠይቁት ካለ ኮሚቴው ዘወትር ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ማጣሪያው አጠገብ ይገኛል።

በድጋሚ እግዚአብሔር ይስጥልን፣ አላህ ይስጥልን።

የውሃ ኮሚቴው ፀሐፊ