ስለቀሩት ፅንሶችም ይነገረን

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ስለ እንስሳት ክሎኒንግ፣ ማለትም ከአንድ እንስሳ ሕዋስ በዘረመል (በዘር በሚወረስ መረጃ) ተመሳሳይ ቅጂ ስለ መፍጠር፣ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ደግሜ አነበብኩት። ዶሊ የተባለችው በግ እ.ኤ.አ. በ1996 ስኮትላንድ ውስጥ መወለዷን በአድናቆት ተርካችኋል። ስለቀሩት ግን አንድም ቃል የለም። ተመራማሪዎቹ ከአንዲት በግ ጡት የተወሰዱ ሕዋሶችን ኒውክለሳቸው (ዘረመሉን የሚይዘው የሕዋስ ክፍል) ከወጣ 277 እንቁላሎች ጋር አዋሃዱ። ለማህፀን የበቁት ፅንሶች 29 ነበሩ፤ በሕይወት የተወለደችው ዶሊ ብቻ ናት።

እ.ኤ.አ. በ2005 ደቡብ ኮሪያ ውስጥ የመጀመሪያው የውሻ ቅጂ ሲወለድማ ከ1,000 በላይ ፅንሶች ለ123 ውሾች ተሰጥተዋል። ፅንሱ የሚገባው ሆድ ተቀድዶ ነው። እስቲ አስቡት፤ 123 ጤነኛ ውሾች፣ አንዳቸውም ያልታመሙ፣ ተራ በተራ ማደንዘዣ ተወግተው ቢላዋ ሥር ተኙ። ያረገዙት ሦስት ናቸው፤ አንዷ አስወረዳት። ከተወለዱት ሁለት ቡችሎች አንዱ በ22 ቀኑ በሳንባ ምች ሞተ። ይህን ስኬት ብሎ መጥራት እኔን ይከብደኛል። በሰው ላይ ይሞከር የሚሉ ካሉም፣ ለከሸፉት ፅንሶችና ታመው ለሚወለዱት ሕፃናት ኃላፊው ማን እንደሚሆን አስቀድመው ይንገሩን።

ወጪውስ ምን ያስገኛል? የሞተ ውሻቸውን ለማስቀዳት በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር የሚከፍሉ ሰዎች አሉ። ሐዘናቸው ይገባኛል፤ የሚረከቡት ግን ያንኑ ውሻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2001 ቴክሳስ ውስጥ የተወለደችው የመጀመሪያዋ የድመት ቅጂ፣ ዘረመሏ የተወሰደባት ድመት ባለ ሦስት ቀለም ሆና ሳለ፣ እርሷ ብርቱካናማው ቀለም ጨርሶ አልነበራትም። በመልክ እንኳ ካልተመሳሰሉ በጠባይማ እንዴት ይሆናል?

ምርጧን ላም አባዝተን አርቢውን እናበለጽጋለን የሚለው ክርክር ደግሞ ከሙዝ አይማርም። ገበያውን ይዞ የነበረው ግሮ ሚሼል የተባለው ሙዝ ከግንዱ በሚወጣ ቡቃያ ስለሚራባ ተክሉ ሁሉ በዘረመል አንድ ነበር። በአፈር ውስጥ የሚኖር አንድ ፈንገስ ሲነሳ የሚቋቋመው ተክል ጠፋና ነጋዴዎቹ እርሻቸውን ትተው ካቨንዲሽ ወደተባለው ሌላ የሙዝ ዓይነት ዞሩ። እርሱም እንደዚያው አንድ ዓይነት ነውና የፈንገሱ አዲስ ዝርያ ዛሬ እያጠቃው ነው። በረት ሙሉ ተመሳሳይ ላሞች የያዘ አርቢ በሽታ ሲገባበት የትኛዋን ለዘር ያስቀራል?

ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ ስለ ክሎኒንግ ስትጽፉ፣ ከተወለደው ፎቶግራፍ ሥር ስንት ፅንስ እንደከሸፈና ስንት እንስሳ ቀዶ ጥገና እንደተደረገለት አብራችሁ እንድታትሙ እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ