ውሻ መዥገር ስለተገኘበት ብቻ አይወጋ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ውሻ ሲያተኩሰው፣ ምግብ ሲተውና ገላው ላይ መዥገር ሲገኝ ብዙ ጊዜ ሳይመረመር ይወጋል። አንዱ ኦክሲቴትራሳይክሊን የተባለውን ጸረ ባክቴሪያ ይወጋዋል፤ ሌላው ለከብት ገንዲ ከተበጠበጠው ዲሚናዚን ያካፍለዋል። ዲሚናዚን ኤርሊኪያ የተባለውን ባክቴሪያ አይነካም፤ አንድ ቀን የተወጋ ኦክሲቴትራሳይክሊንም ባቤዢያ የተባለው የደም ጥገኛ ተውሳክ የሚያመጣውን በሽታ አያድንም። ቡናማው የውሻ መዥገር ደግሞ ሁለቱንም በሽታዎች ያመጣል፤ አንዳንዴም ባንድ ውሻ ላይ።

ባቤዢያ ቀይ የደም ሴልን ስለሚያፈርስ ድድ ይነጣል፣ ዓይን ቢጫ ይሆናል፣ ሽንት ቀጭን ቡና ይመስላል። ኤርሊኪያ ነጭ የደም ሴል ውስጥ ተቀምጦ ደም የሚያረጋውን ፕላትሌት ያሳንሳል፤ አፍንጫ ይደማል፣ ሆድና ድድ ላይ ጥቃቅን ቀያይ ነጠብጣብ ይወጣል። ከመጀመሪያው ትኩሳት በኋላ ለወራት፣ ለዓመታትም ጤነኛ መስሎ ስለሚቆይ፣ አፍንጫው ሲደማ መዥገሩን የሚያስታውስ የለም። «ሰው መትቶት ነው» ይባላል።

የደም ስላይድ፣ ማለትም መስታወት ላይ ተስቦ በማይክሮስኮፕ የሚታይ ደም፣ ውድ ነገር አይደለም። ደሙ ከጆሮ ጠርዝ ይወሰድ፤ ባቤዢያ ያለባቸው ሴሎች የሚጠራቀሙት በቀጫጭን የደም ሥሮች ውስጥ ነውና። በስሱ ተስቦ ይድረቅ፣ በሜታኖል ይነከር፣ በጊምሳ ማቅለሚያ ይቀለም። ቀይ ሴል ውስጥ ጥንድ ጥንድ ሆነው አንድ ጫፋቸው የሾለ ነገሮች ከታዩ ባቤዢያ ነው። ኤርሊኪያ ግን በስላይድ እምብዛም አይገኝም፤ ስለዚህ ፕላትሌት ይቆጠር፣ የአንቲቦዲ (ሰውነት በሽታን ለመከላከል የሚሠራው ንጥረ ነገር) ምርመራም ይታከል። አንቲቦዲ ከዳነ በኋላም ለረጅም ጊዜ ስለሚቆይ፣ እሱን ብቻ አይቶ መድኃኒት መድገም ስሕተት ነው።

የኤርሊኪያ ሕክምና ዶክሲሳይክሊን ነው፤ በኪሎ 10 ሚሊ ግራም፣ በየቀኑ፣ ለ28 ቀን። ትኩሳቱ በአንድ ሁለት ቀን ስለሚበርድ ብዙ ባለቤቶች እዚያው ያቋርጡታል። ለባቤዢያ ዲሚናዚን በኪሎ 3.5 ሚሊ ግራም አንዴ ብቻ ይሰጣል። 7 በመቶ ሆኖ ከተበጠበጠ 300 ኪሎ በሬ 15 ሚሊ ሊትር ሲወስድ፣ 10 ኪሎ ውሻ የሚወስደው ግማሽ ሚሊ ሊትር ነው። ከበዛ አንጎል ይጎዳል፤ በዓይን ግምት አይሰጥም።

ትንኝ የሚያስተላልፈው የልብ ትል መልኩ ሌላ ነው፦ ሳል፣ ሲሮጥ ቶሎ መድከም፣ ክብደት መቀነስ። ትሉ ለመጎልመስ ስድስት ወር ገደማ ስለሚፈልግ የአራት ወር ቡችላ ሳል ምክንያቱ ሌላ ነው። የአንቲጂን (ትሉ ደም ውስጥ የሚለቀው ንጥረ ነገር) ምርመራውም የሚለየው የጎለመሰች ሴት ትልን ነው። ውሻው ከውጭ አገር ከመጣ ወይም በቅርቡ ቆላ ከርሞ ከሆነ፣ ባለቤቱ ደም ከመወሰዱ በፊት ለሐኪሙ ይንገር።

የእንስሳት ሐኪም፣ ከአዲስ አበባ